«ዋሽንቱን ሰበርኩበት፤ ክፍሉም ጸጥ አለ»

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ የማስተምር መምህርት ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ትምህርቱ መጽሐፉ ላይ «ክወናና እይታ ጥበባት» ይባላል፤ ልጆቹ ግን «አርት» ነው የሚሉት። ሥዕሉንም ቴአትሩንም አስተምራለሁ። ልቤ ያለው ግን ሙዚቃው ላይ ነው።

ያስቸገረኝ 7ኛ «ለ» ነው። 62 ናቸው። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ያለኝ አንድ ከበሮ፣ ሁለት ክራር (የአንዱ ሁለት ክር ተበጥሷል) እና መብራት ሲኖር ብቻ የሚሠራ ኪቦርድ ነው። ገና በሩን ስከፍት ዴስክ መደብደብ ይጀምራሉ። አንዱ ያፏጫል፣ ሌላው ትከሻውን ይሰብቃል። «ዝም በሉ» እያልኩ አርባው ደቂቃ ያልቃል። ስወጣ ድምፄ ተዘግቷል። ግድግዳ የሚጋራኝ የሒሳብ መምህር አንድ ቀን በሩን ከፍቶ «እኔ እዚህ እኩልታ አስተምራለሁ፣ አንቺ እዚያ ሰርግ ትደግሻለሽ» አለኝ። ልጆቹ እየሰሙ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን አንድ ልጅ ነው። ከገጠር ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሩ እየተጓዘ ነው የሚመጣው። ዋሽንቱን ሹራቡ ውስጥ ሸጉጦ ይገባል። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስጽፍ ከኋላ ይነፋል። ስዞር ያቆማል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ሁለት ጊዜ ለብቻው አድርጌ መከርኩት። ሦስተኛው ቀን ላይ ስለ ቅኝት እያስተማርኩ ነበር። እናቴ ታማብኝ ሌሊቱን ስታመም ስትነሳ አብሬ አድሬያለሁ። ተነፋ። ሄጄ ከእጁ ነጠቅኩት። አልለቅም አለ፤ ጎተትኩት። ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ወደ ኋላ ስል ረገጥኩት። ቀጭ አለ።

ልጁ አላለቀሰም። ስንጣሪውን ለቃቀመና ደብተሩ መሀል አድርጎ ተቀመጠ። ዋሽንቱን አያቱ እንደሠሩለት ልጆቹ በኋላ ነገሩኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ጸጥ አለ። ርዕሰ መምህሩ በበረንዳው ሲያልፉ ቆም ብለው «አሁን ገና አስተማሪ ወጣሽ» አሉኝ። የሒሳቡ መምህር ሻይ ጋበዘኝ። እኔ ግን ከበሮውን አምጥቼ «ማን ይምታ?» ስል አንድም እጅ አይወጣም። ልጁ ግንባሩን ዴስኩ ላይ ደፍቶ ይቀመጣል። በዚያ ቀን ንዴት ደግሞ «ለሥነ ምግባር» ብዬ ከ10 ማርክ 5 ቀንሼበታለሁ።

ይቅርታ ልጠይቀው አስባለሁ። ባልደረቦቼ «ተማሪ ይቅርታ ከጠየቅሽ አለቀልሽ፣ ራስሽ ላይ ይወጡብሻል» ይሉኛል። አንዷ ደግሞ «ልምጭ ያዢ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም» ብላኛለች። ይቅርታ ብጠይቅ ያ ሁካታ ተመልሶ ይመጣል? ባልጠይቅስ እንዲህ ሆኜ ዕድሜ ልኬን ላስተምር ነው?

መምህርቷ፣ ከምሥራቅ ጎጃም

—

እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ? «አንቺ» ማለቴን አትቀየሚኝ፤ የመጨረሻዋ ልጄ እኩያሽ ሳትሆን አትቀርም። እናትሽስ እንዴት ሆኑ? በአንድ መስመር ብቻ ነው ያለፍሻቸው። በሽተኛ ስታስታምሚ አድረሽ ጠዋት 62 ልጅ ፊት መቆም ቀላል አይደለም። ለሰበርሽው ዋሽንት ማመካኛ እንዲሆንሽ አይደለም ይህን የምልሽ። ግን ምን ተሸክመሽ እንደገባሽ አንቺም አትርሺው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ቃል ላይ ስደርስ ሁለቴም ቆምኩ። «ረገጥኩት» ብለሻል። እኛ እኮ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመን «ተሰበረ» ማለት ነው የሚቀናን። ብርጭቆው ተሰበረ፣ ገንዘቡ ጠፋ፣ ወጡ አረረ። ሰባሪም አጥፊም የለም። አንቺም «ወድቆ ተሰበረ» ብለሽ ብታልፊ ማን ይጠይቅሽ ነበር? አላደረግሽውም። ስለዚህ ይቅርታውን ግማሽ መንገድ ሄደሽበታል። የቀረሽ ለእኔ የጻፍሽውን ለልጁ መንገር ነው።

አዎ፣ ጠይቂው። እዚህ ላይ አላመነታም። «ራስሽ ላይ ይወጡብሻል» የሚሉሽ ባልደረቦችሽ ክፉ መካሪ ናቸው አልልም። ፈርተው ነው። ግን እስቲ አስቢው፤ 62 ልጅ በዓይኑ አይቷል። መምህሯ ጥፋት ሠራች ወይስ አልሠራችም ብሎ የሚጠራጠር አንድም የለም። የማያውቁት ቀጥሎ የምታደርጊውን ብቻ ነው። አሁን ጸጥ ያሉት አክብረውሽ ይመስልሻል? ወይስ የእኔ ተራ መቼ ነው እያሉ ነው? መልሱን አንቺው ሰጥተሽኛል። ከበሮ አምጥተሽ «ማን ይምታ?» ስትይ አንድ እጅ አልወጣም። 7ኛ ክፍል፣ ከበሮ፣ አንድ እጅ የለም! ጎጃም ውስጥ!

እንዴት ትጠይቂው? በመጀመሪያ ለብቻው። አለቃ ልከሽ ስታፍ ሩም አታስጠሪው። ስታፍ ሩም የተጠራ ልጅ ቅጣት ነው የሚጠብቀው፤ ጆሮው ይደፈናል። ከትምህርት ሲወጡ በር ላይ ጠብቂውና ትንሽ መንገድ አብረሽው ሂጂ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ከመተያየት ይቀላል፤ ለገጠር ልጅ ደግሞ በጣም። ከዚያ አጭር አድርጊው። «ዋሽንትህን የሰበርኩት እኔ ነኝ። መንጠቅ አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርግልኝ።» በቃ። «ግን» እንዳትዪ። «ግን አንተም ስትነፋ...» ካልሽ የሚሰማው ከ«ግን» በኋላ ያለውን ብቻ ነው። የመንፋቱን ጉዳይ በሌላ ቀን ታነሺዋለሽ።

ልጁ ምናልባት ምንም አይመልስ ይሆናል። መሬት መሬት ያያል፣ በእግሩ ጣት አፈር ይቧጥጣል። አስተማሪን «ይቅር ብዬሻለሁ» ማለት ለእሱ ነውር ነው የሚመስለው። መልስ አትጠብቂ። «ደህና ግባ» ብለሽ ተመለሽ።

በማግስቱ ወይም በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ለክፍሉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ያን ቀን ያደረግኩት ልክ አልነበረም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።» ከዚያ ቀጥ ብለሽ ወደ ትምህርቱ። አታስረዝሚው። ረጅም ይቅርታ ልጆቹ እንዲያጽናኑሽ መጠየቅ ይሆናል፤ ያ ደግሞ የእነሱ ሥራ አይደለም።

ማርኩን መልሺለት። ዛሬ። የሙዚቃ ማርክ ለሙዚቃ ነው። ከክፍሉ ሁሉ መሣሪያ መጫወት የሚችለው ምናልባት እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በሙዚቃ ከ10 አምስት ካገኘ መዝገቡ ነው የሚታዘብሽ።

አሁን ወደ ዋሽንቱ። ከገበያ አዲስ ገዝተሽ ለመስጠት አስበሽ ይሆናል። ቆይ፣ አትቸኩዪ። ዋሽንት እንደ እስክሪብቶ አይተካም። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ሸምበቆው በረዘመ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል፣ ባጠረ ቁጥር ይቀጥናል። ቀዳዳው በጣት እየተለካ ነው በጋለ ብረት የሚበሳው፤ በማን ጣት እንደተለካም ለውጥ አለው። ዋና ዋሽንት ነፊዎች እኮ ለዚህ ነው የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ብዙ ዋሽንቶች ይዘው የሚዞሩት። የዚያ ልጅ ጣት የለመደው አያቱ የበሱትን ነው። ሌላ ብትሰጪው ይቀበልሽ ይሆናል፤ አይነፋውም።

ይልቅ አያቱን ፈልጊያቸው። አንድ ሰዓት መንገድ ከሆነ በገበያ ቀን ወደ ከተማ መውረዳቸው አይቀርም። ልጁን «አያትህን ላገኛቸው እፈልጋለሁ፤ ልከስህ አይደለም» በይው፤ ሁለተኛዋን ቃል እንዳትረሺ። ስታገኛቸው «አባቴ፣ የልጅዎን ዋሽንት የሰበርኩት አስተማሪው እኔ ነኝ» ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያገራችንን ሽማግሌ ታውቂው የለ? «እሱንስ ደግ አደረግሽ፣ ዋሽንት ሲነፋ ስንት ጊዜ ከብቱን የሰው አዝመራ ላይ ለቆብኛል!» ብለው ሊስቁብሽም ይችላሉ። ላይስቁም ይችላሉ። ሁለቱንም ተቀበይ። ከዚያ ሌላ እንዲሠሩለት ለምኛቸው። ሸምበቆውን አንቺ አቅርቢ። ፈቃደኛ ከሆኑ ደግሞ አንድ ቀን ትምህርት ቤት መጥተው ክፍሉ ፊት እንዲሠሩት አድርጊ። ብረቱ ሲግል፣ ሸምበቆው ሲጨስ፣ የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ፤ ያን ቀን «ዝም በሉ» የምትዪ አይመስለኝም።

ይቅርታው ይህን ያህል ነው። ሁለተኛው ጥያቄሽ ሁካታው ተመልሶ ይመጣል ወይ ነው። ይመጣል፤ አልዋሽሽም። ፍርሃቱ ሲለቃቸው አንድ ሁለት ሳምንት ከፊተኛው ብሶ ሊመጣም ይችላል። እንዲያውም ልጁ ራሱ አዲሱን ዋሽንት ይዞ ሊፈትንሽ ይችላል። ያኔ «ይኸው ባልደረቦቼ ያሉት ደረሰ» ብለሽ እንዳትደነግጪ።

ስለ ራሴ ትንሽ ላውራ። 27 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። የጀመርኩት በልምጭ ዘመን ነው፤ እኔም ይዣለሁ። የእኔ ክፍል ዝንብ ሲበር ይሰማ ነበር። ጸጥታው እንዴት ይጣፍጠኝ ነበር መሰለሽ! ያስተማርኩ ይመስለኝ ነበር። ፈተና ሳርም ጉዴ ይወጣል። ጸጥ ያለው ክፍል አንድም ነገር አልሰማኝም። እጃቸውን አጣምረው ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ልባቸው ልምጩ ላይ ነበር። አማርኛ እንዲህ ከሆነ ሙዚቃ እንዴት ይሆናል? ጸጥ ያለ የሙዚቃ ክፍል ምን ይሠራል?

ስለዚህ ርዕሰ መምህርሽ ያመሰገኑሽን ነገር አትፈልጊው። ግን የድሮውንም አትመልሺው። የድሮው ድምፅ ምን ነበር? ሥራ ያጣ እጅ ነው። እስቲ እናስላው፤ የሒሳቡ መምህር ይርዳን። 62 ልጅ፣ አንድ ከበሮ፣ 40 ደቂቃ። ትምህርት የሚባል ነገር ባይኖርና ከበሮው ብቻ ቢዞር ለአንድ ልጅ አርባ ሴኮንድ እንኳ አይደርሰውም። የቀረውን 39 ደቂቃ እጁን የት ያድርገው? ዴስኩ ላይ ነዋ! ዴስክ የሚደበድብ ልጅ ከበሮ ያልደረሰው ልጅ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልሽ? ልጁ የሚነፋው ወደ ሰሌዳው ስትዞሪ ነው። ሰሌዳ ላይ ለሙዚቃ ክፍል ያን ያህል ምን ይጻፋል? የሚጻፈውን ቤት ሆነሽ ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ በማርከር ጽፈሽ ነይና በምስማር ስቀይው። ጀርባሽን መስጠት ይቀርልሻል። ግማሹ ችግር እዚያው ይቃለላል ብዬ ነው የምገምተው።

ቅደም ተከተሉን ደግሞ ከሩቅ አትፈልጊው። ያለሽበት አገር የታወቁት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች፣ ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ያሉበት አገር ነው። የአቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ፣ ሊቃውንት ዜማን እንዴት ነው የሚያስኬዱት? መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ፤ መቋሚያው ይንቀሳቀሳል። ከበሮና ጸናጽሉ የሚገቡት መረግዱ ላይ ሲደርሱ ነው። ጽፋት ላይ ጭብጨባውም ይፈጥናል። አየሽ፣ ከበሮው መጨረሻ ነው የሚመጣው። አንቺ ከበሮውን ይዘሽ ነው የምትገቢው። ከበሮ ያየ የ13 ዓመት ልጅ ሌላ ምን ይታየዋል? ዝማሬውን ውሰጂ አላልኩሽም፤ የሌላ እምነት ልጆች ይኖሩሻል፣ ዝማሬውም ቦታ አለው። ሥርዓቱን ብቻ ተዋሺ። መጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ እጅ፣ ከበሮው ለመጨረሻው አሥራ አምስት ደቂቃ። እስከዚያ ከበሮው ስታፍ ሩም ይቀመጥ።

በዚህ ላይ ሁዳዴ ሊገባ ነው። በጾሙ ቤተ ክርስቲያንም ከበሮና ጸናጽሉን ታሳርፋለች። በጾም ወቅት ትምህርት ቤት ውስጥ ከበሮ ሲመታ ቅር የሚለው ወላጅ አይጠፋም። ጥሩ ምክንያት ሆነልሽ፤ ያንን ጊዜ የድምፅና የጭብጨባ ወቅት አድርጊው። ለፋሲካ ከበሮው ሲወጣ የናፈቀ ዕቃ ይሆናል።

በሩ ላይ ምን ታደርጊያለሽ? አትጩኺ። የአንቺ ጩኸት በ62 ድምፅ ላይ 63ኛ ሆኖ ይደመራል እንጂ አያጠፋውም። አንድ ቀላል የጭብጨባ ምት ይዘሽ ግቢ። አንቺ ሦስት ጊዜ ታጨበጭቢያለሽ፣ እነሱ ሁለት ይመልሳሉ፤ ከዚያ እጅ ደረት ላይ። ይህንን ምልክት ሳትናደጂ፣ እነሱም ሳይረብሹ፣ እንደ ጨዋታ አስተምሪያቸው። አሥር ጊዜ አስጀምሪ፣ አሥር ጊዜ አስቁሚ። ማቆም ራሱ ሙዚቃ እንደሆነ አንቺ ለእኔ ታስረጂኛለሽ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከዚህ ሌላ ነገር ባታስተምሪም አይቆጨኝም። ደቦ ላይ አጨዳ ያየ ልጅ ይህን ያውቀዋል፤ አውራጁ ሲያነሳ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ማጭዱም አብሮ ይሄዳል።

ከበሮው ሲመጣስ? «ተማሪውን አራት ቡድን አድርጊ፣ በየተራ አዘዋውሪ» የሚል ምክር ሥልጠና ላይ ሰምተሽ ይሆናል። ጥሩ ነው፤ 20 ልጅ ላለው ክፍል። 62 ልጅ በዴስክ መሀል ለማዘዋወር ብቻ አሥር ደቂቃ ይሄዳል፤ ሁለት እስክሪብቶ ይጠፋል፣ አንድ ጠብ ይነሳል። አንቺ ልጁን ተዪው፣ ከበሮውን አንቀሳቅሺው። ክፍሉ በሁለት ጣት መዳፉን እየመታ ምቱን ይይዛል። ከበሮው ዴስክ ለዴስክ ይዞራል። እያንዳንዱ አራት ምት መትቶ ለጎኑ ያቀብላል። ምቱ ከተበላሸ ከበሮው ወደ መጀመሪያው ዴስክ ይመለሳል። ያኔ ማን ነው ረባሹን የሚቆጣው? አንቺ አይደለሽም፤ ተራውን የሚጠብቀው ነው። ሁለት ጣት ያልኩሽ በምክንያት ነው፤ ሙሉ ጭብጨባ ከሆነ ጎረቤትሽ ይመጣል።

እሱን ካነሳን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ የሒሳብ መምህር ብሆን እኔም አንኳኳ ነበር። ግድግዳው ቀጭን ነው። ልጆቹ ፊት መናገሩ ግን ልክ አይደለም። ሻይ ጋብዞሻል አይደል? ቡና መልሺለትና ሁለት ነገር ንገሪው። አንደኛ፣ «ቅሬታ ሲኖርህ ለብቻዬ ንገረኝ፤ ልጆቹ ፊት ስትናገረኝ ለሚቀጥለው ሳምንት ትምህርቴን ትወስድብኛለህ።» ሁለተኛ፣ ከበሮ የሚመታባቸውን ክፍለ ጊዜዎች አስቀድመሽ አሳውቂው። ፈተና ካለው አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ዛፍ ሥር ትወጫለሽ። ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ዋንዛ ወይም ብሳና አይጠፋም። ከቤት ውጭ 62 ልጅ መያዝ ይከብዳል፤ ስለዚህ ምልክቱን ሳይለምዱ እንዳትሞክሪው።

የልምጯን ነገር ባጭሩ። አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው፣ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ባልደረባሽ ስትመክርሽ ተንኮል አስባ ላይሆን ይችላል፤ ግን በምክሯ ብትሄጂ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

በልምጭ ፋንታ አንድ ደንብ አውጪ፤ ለአንቺም የሚሠራ ይሁን። በ7ኛ «ለ» ማንም ከማንም እጅ መሣሪያ አይነጥቅም፤ መምህሯም ብትሆን። ያለ ጊዜው የነፋ ልጅ ዋሽንቱን ራሱ አምጥቶ ጠረጴዛሽ ላይ ያስቀምጣል፤ ሲወጣ ራሱ ይወስዳል። ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ቀን። ልጁ ሲፈትንሽ የምታደርጊው ይህንኑ ነው። ከጎኑ ቁሚ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ «ጠረጴዛዬ ላይ» በይው። እምቢ ካለስ? ትምህርቱን ቀጥዪና ሲወጡ ታነጋግሪዋለሽ። 61 ልጅ እያየ እንዳትሸነፊ ብለሽ ነው ያን ቀን የጎተትሽው። አልተሳሳትኩም መሰለኝ?

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። እሱን የጸጥታ አለቃ እንዳታደርጊው። ብዙዎቻችን ረባሹን አለቃ አድርገን የተገላገልን ይመስለናል። የጓደኞቹን ስም ጽፎ የሚያቀብል ልጅ ይሆንና ብቻውን ይቀራል። የሙዚቃ ሥራ ስጪው። ክፍሉ ሊዘፍን ሲል መነሻ ድምፁን እሱ በዋሽንቱ ይስጥ፤ ኪቦርዱ መብራት ሲጠብቅ ዋሽንቱ መብራት አይጠብቅም። ይህንንም ቢሆን ከይቅርታው ማግስት አታድርጊው፣ ጉቦ ይመስልበታል። ሦስት አራት ሳምንት ይቆይ። ሌሎቹም ዋሽንት እናምጣ ማለታቸው አይቀርም፤ የፈለገ ያምጣ፣ ግን አብረው አይንፉ። አሥር ቤት የተሠራ አሥር ዋሽንት አሥር የተለያየ ድምፅ ነው። በየተራ ከሆነ ያምራል፤ አብሮ ከሆነ ጎረቤትሽ እውነቱን ነው።

ለደከመሽ ቀን ደግሞ አንድ ትምህርት አዘጋጅተሽ አስቀምጪ። እናትሽ እንደገና ቢያማቸው ቅኝት ለማስተማር አትግቢ። የሚያውቁትን ዘፈን አዘፍኚያቸው፣ ወይም በስልክሽና በትንሽ ስፒከር አንድ ዜማ አሰሚያቸውና የሰሙትን ይሣሉ። ትምህርቱ ሥዕልም አለበት አይደል? ለራስሽ የሚተርፍ ጉልበት ያለሽ ቀን ቅኝቱን ትመለሽበታለሽ። ሌሊቱን የሚያግዝሽ ሰው አለ? እህት፣ የአጎት ልጅ፣ ጎረቤት? ይህንንም በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ንገሪኝ።

ከመሰናበቴ በፊት አንድ የከነከነኝ ነገር አለ። ሁሉን ጽፈሽልኛል፤ የሹራቡን፣ የሲሚንቶውን፣ «ቀጭ» ያለውን ሳይቀር። ልጁ ምን እየነፋ እንደነበር ግን አልጻፍሽም። ያን ቀን ስለ ቅኝት እያስተማርሽ ነበር ብለሻል። ሰሌዳው ላይ ያለው ምን ነበር? ትዝታ? ባቲ? አምባሰል? አንቺ ሆዬ? አምስቱን ድምፅ በኖታ ስትጽፊ፣ እሱ ከኋላ ሌላ ነገር እየነፋ ነበር? ወይስ ያንኑ?

አሁን አስታውሰሽ ለመመለስ አትሞክሪ። ይቅርታውን ከጠየቅሽው በኋላ፣ አዲሱ ዋሽንት ሲደርስ፣ እሱን ጠይቂውና ጻፊልኝ።